የጎረቤት አህያ ያለችበት ጋሻ

ዛሬ ልጄ ሳን ሆዜ ካለው ትምህርት ቤቷ “የቤተሰባችሁን ጋሻ ሳሉ” የሚል ሆምወርክ ይዛ መጣች። የማርከሩን ክዳን ስትከፍት ሽታው ኦክላንድ ወደነበረው ኪችናችን መለሰኝ።

ያኔ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበርኩ። ቲቸሯ ቤተሰባችሁን የሚወክል ምልክት ያለበት “ፋሚሊ ሺልድ” ሳሉ፤ አንበሳ ኃይል፣ ቀይ ጀግንነት፣ ሰማያዊ ታማኝነት ነው ብላ ወረቀት ሰጠችን። እናቴ ሺልድ ማለት ጋሻ ነው ስላለችኝ፣ በተሰባበረ አማርኛዬ አያቴን “አባባ፣ የእኛ ጋሻ ምን ይመስላል?” አልኳቸው።

እሳቸው ጋሻ ሲባል የሚታያቸው የመሬት ልክ ነው። ወሎ የነበራቸው አንድ ጋሻ መሬት ከተወረሰ ወዲህ ማንም ስለሱ ጠይቋቸው አያውቅም። መነጽራቸውን አድርገው ወንበር ሳቡ።

“ከላይ ወንዙ ነው። መሃሉ ጤፍ፣ ከታች ሾላው። በዚህ ጥግ ደግሞ የጎረቤት አህያ አጥር ጥሳ ትገባለች።”

ወንዙን ሰማያዊ፣ ጤፉን አረንጓዴ አድርጌ ሁሉንም ሳልኩት። የክላስ ልጆች አንበሳና ድራገን ይዘው ሲመጡ እኔ አህያ ይዤ ሄድኩ። ቲቸሯ ምን ትወክላለች ስትለኝ፣ “ጎረቤታችንን” አልኳት።

ስመለስ አያቴ ጣታቸውን ወረቀቱ ላይ ከወንዙ እስከ ሾላው አስኬዱ። “ወንዙ ልክ ነው፤ ሾላውም ልክ ነው” አሉና ላጲስ ሰጡኝ። “እቺን ግን አስወጫት፤ ጤፉን ትጨርሰዋለች።”

ማርከር በላጲስ አይጠፋም፤ አህያዋ እዚያው ቀረች።

“ማሚ፣ የእኛ አኒማል ምንድን ነው?” አለችኝ ልጄ።

“አህያ” አልኳት። “የጎረቤት ናት። ከጤፉ ግን ራቅ አድርጊያት።”