ፊልሙ ይንገርልኝ ብዬ

ዙሪክ ውስጥ ፊልም አልቆ መብራት ሲበራ ሰው ወደ ቤቱ አይሄድም። ውይይት አለ። ዳይሬክተሯ መድረክ ላይ ትቀመጣለች፣ ማይክራፎን ይዞራል፣ ሰው እጁን ያወጣል። ጥያቄ የሚሉት ግን ጥያቄ አይደለም። አንዱ ተነስቶ ስለ ብርሃን አጣጣል ሲያወራ ወንበሩ ይቆረቁረኛል። አንዷ እንባዋን ጠርጋ በጣም ነካኝ ትላለች። ከዚያ የሆነች ሴት ዞር ብላ እኔንና አጠገቤ የተቀመጠችውን እሷን ታየንና፣ እናንተ አገርስ እንዴት ነው ትለናለች።

አንድ ቀን መለስኩላት። ፊልሙ ስለ እናንተ አገር ነው፣ ስለ ራስሽ ጠይቂ አልኳት። አዳራሹ አጨበጨበ። ለምን እንዳጨበጨቡ እስካሁን አልገባኝም። መሳደቤ ነበር እኮ።

እሷ የምላት አብሬያት የምኖረው ሴት ናት። የአዲስ አበባ ልጅ ናት፣ የተገናኘነው ግን እዚህ ነው። ዙሪክ አጠገብ፣ ዲቲኮን፣ አንድ መኝታ ቤት ተከራይተን ከገባን አምስት ዓመታችን ነበር። እኔ መጋዘን ውስጥ ካርቶን እለያለሁ፣ እሷ አረጋውያን ቤት ትሠራለች። ሴትና ሴት የሚዋደዱበት ፊልም፣ የሌዝቢያን ድራማ የሚሉት፣ ትልቅ ኩባንያ የሌለው፣ ከወዳጅ ዘመድ በተለቀመ ገንዘብ የተሠራ፣ ትንንሾቹ ሲኒማ ቤቶች ሲመጣ አያመልጠንም። አብዛኛው ያናድደኛል። ሐይቅ ዳር ቆመው ሲጋራ ያጨሳሉ። ዝናብ ይዘንባል። መጨረሻ ላይ አንዷ ትሞታለች ወይ ባል ታገባለች። ጠዋት አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ሥራ የሚገባ ሰው በነዚህ ፊልሞች ውስጥ አይቼ አላውቅም።

አንዱ ግን ያዘኝ። አንዷ ሰው ቤት ታጸዳለች፣ አንዷ አውቶቡስ ትነዳለች። ሐይቅ የለም። አሮጌ የልብስ ማጠቢያ ማሽን በደረጃ አራተኛ ፎቅ ለማውጣት ይታገላሉ፣ ይጣላሉ፣ ይታረቃሉ። ማንም ሳይሞት አለቀ። ይኸው ፊልም ጄኔቭ፣ ቶኔ የሚባል ሰፈር ውስጥ ባለች ትንሽ አዳራሽ እሁድ ከሰዓት እንደሚታይ ሳነብ እህቴ ትዝ አለችኝ።

እህቴ እናቴ ማለት ናት። ከምርጫ ዘጠና ሰባት በኋላ፣ ሰፈራችን ልጅ ሲታፈስ፣ ጄኔቭ አንድ ዲፕሎማት ቤት ሞግዚት ሆና ወጣች። እኔ ያኔ ገና ተማሪ ነበርኩ። ያስተማረችኝ እሷ፣ አሥራ ሁለተኛን ስጨርስ ጄኔቭ ያመጣችኝም እሷ። ዲቲኮን ለበዓል ስትመጣ ቤታችን ያለውን አንድ አልጋ አይታለች። ምን ይደንቃታል? እኛ አገር ሴትና ሴት አንድ አልጋ ላይ ቢተኙ፣ እጅ ለእጅ ተያይዘው ቢሄዱ፣ ቢጎራረሱ ማን ነገሬ ይላል። ስዊስ ጎረቤቶቻችን በመጀመሪያው ሳምንት አውቀውናል። እህቴ በአምስት ዓመት አላወቀችም። ይባስ ብላ ለሁለታችንም ባል እንዲመጣልን ስለት ተስላለች። አብሬያት የምኖረዋ በዚህ ትስቃለች። እኔን ግን መደበቂያው እያፈነኝ መጣ። ንገሪያታ ትለኛለች። በምን ቃል? በአማርኛ ያለው ቃል ስድብ ነው። እህቴ ፊት ራሴን ልስደብ?

ስለዚህ ፊልሙ ይንገርልኝ አልኩ። ደውዬ፣ ስለ ቤት ሠራተኛ የሚያሳይ ፊልም አለ፣ እሁድ አብረን እንየው አልኳት። ውሸት አይደለም። እህቴ ግን ጥሩ ነገር ብቻዋን አትበላም። ለማኅበሯ ተናገረች። እሁድ አዳራሹ በር ላይ ስንደርስ ከእህቴ ጋር አራት ሴቶች ከቅዳሴ እንደወጡ ነጠላቸውን አጣፍተው፣ ድፎ ዳቦ በፌስታል ይዘው ቆመዋል። አንዷ ማኅበሩን የመሠረቱት፣ ጡረታ የወጡት፣ ሁላችንም እማማ የምንላቸው ናቸው። አብራኝ የመጣችው እሷ ክንዴን ይዛ፣ ቦታ ሞልቷል በያቸውና እንመለስ አለችኝ። ማለት ነበረብኝ። አላልኩም። እልህ ይዞኛል።

ተቀመጥን። በግራዬ እህቴ፣ በቀኜ እሷ። የሴቶቹ ፈረንሳይኛ የወጥ ቤት ስለሆነ ከባድ ከባዱን በሹክሹክታ አስተረጉማለሁ። ሴቶቹ ፊልሙን ወደዱት። እንደ መውደድም አይደለም፣ ገቡበት። ፊልሙ ውስጥ ያለችው ማዳም መደርደሪያውን በጣቷ ጠርጋ አቧራ ስትፈልግ፣ ቁርጥ የኔዋ ናት አለች አንዷ። ሌላዋ፣ የኔዋ ነጭ ጓንት ታደርጋለች አለች። ከፊታችን ያለች ፈረንጅ ዞራ ሽሽ አለችን። ሹፌሯ የጽዳት ሠራተኛዋን ያበጠ እግር ጭኗ ላይ አድርጋ ስታሽላት እማማ፣ እንዲህ ያለ ጓደኛ ይስጥ አሉ። አንድ አልጋ ላይ ሲተኙ እህቴ ማሞቂያው ተበላሽቶ ነው ብላ አስረዳቻቸው። ማሞቂያ የሚባል ነገር ፊልሙ ውስጥ የለም። ከኋላችን ያሉት ይስቃሉ፣ እነሱ ከመጀመሪያው እይታ ገብቷቸዋል። እዚያ አዳራሽ ውስጥ ሁለት ፊልም ነበር የሚታየው።

የጽዳት ሠራተኛዋ ታማ ስትተኛ ሹፌሯ በማንኪያ ሾርባ አጎረሰቻት። እህቴ አለቀሰች። ጆሮዬ ሥር ጠጋ ብላ፣

«ልክ እንደ እናንተ ናቸው» አለችኝ።

በቀኜ የእሷን እጅ ያዝኩ። ደስታ ይሁን ፍርሃት እንጃ። ትንሽ ቆይቶ፣ ደረጃው ላይ፣ ማሽኑን ተደግፈው፣ ተሳሳሙ። ቶሎም አላበቃም።

በስመ አብ አለች አንዷ። ፌስታል ተንኮሻኮሸ። ሦስቱ ሴቶች ተነሱ፣ በሰው ጉልበት መሃል እየተጋፉ ወጡ። አንድ ሰውዬ አጨበጨበላቸው፣ የፌዝ ጭብጨባ፣ ሌሎች ተከተሉት። ጨለማው ውስጥ አንዱ፣ ወደመጡበት ይሂዱ አለ። እዚህ ላይ ደሜ ፈላ። በሴቶቹ ነው የተናደድኩት፣ ካንዷ ጋር ከዚያ በኋላ ሰላምታ የለንም። ግን እነዚህ አጨብጫቢዎች ቤታቸውን ማን እንደሚያጸዳላቸው ያውቃሉ? ስለ ጽዳት ሠራተኛ ፊልም አይተው እንባቸውን ይጠርጋሉ፣ የጽዳት ሠራተኛ አጠገባቸው ሲቀመጥ ሽሽ ይላሉ። እማማ ግን አልተነሱም። እግሬን ያመኛል፣ ሲያልቅ እነሳለሁ ብለው ነጠላቸውን አስተካከሉ።

እህቴም ወዲያው አልተነሳችም። ፊቷን ከሸራው ወደ እኔ አዞረች፣ ከእኔ አሳልፋ እሷን አየች፣ ከዚያ እጃችንን አየች። ተያይዘን ነበር። ያንን እጅ ስንት ጊዜ አይታዋለች። ተነስታ ወጣች።

ትራም ማቆሚያው ላይ ደረስኩባት።

«እኛም እንደነሱ ነን» አልኳት።

«ማን ጠየቀሽ?»

«አንቺ ነሽ ያልሽው። ልክ እንደ እናንተ አልሽኝ።»

«ጓደኛ ማለቴ ነው።»

ትራም መጣ፣ አልተሳፈረችም። ሄደ። ስንት ዓመቱ ነው አለችኝ፣ አምስት አልኳት። አምስት ዓመት ሙሉ ዋሸሽኝ አለች። አልዋሸሁም፣ አልጠየቅሽኝም አልኩ። እኔም እየጮህኩ ነበር፤ ማቆሚያው ላይ ያሉ ሰዎች ስልካቸው ውስጥ ገቡ። ከዚያ ዝግ ባለ ድምፅ፣

«ቤት መጥተሽ፣ ጓዳ ውስጥ ብትነግሪኝ በጥፊ እመታሽ ነበር። መትቼሽ አብረን እናለቅስ ነበር። ሰው ሰብስበሽ፣ በጨለማ፣ በፈረንጅ አፍ ስትነግሪኝ ምን ላድርግሽ?»

የሰበሰብሻቸው አንቺ ነሽ ልላት አፌን ከፈትኩ። እውነትም ነው። ግን መናገር የነበረብኝን ነገር ለሸራ የሰጠሁት እኔ ነኝ፣ ይኼም እውነት ነው። ይኼ ነው እስካሁን የሚያቃጥለኝ። በሚቀጥለው ትራም ሄደች።

ከዚያ እማማ ደወሉ። ፊልሙ ደግ ነበር፣ ያቺን ነገር ባይጨምሩበት አሉኝ። ያቺ ነገር እኮ ፊልሙ ናት እማማ አልኳቸው። እንጃ ልጄ፣ እኔ ሾርባው ላይ ነው የቀረሁት አሉ። መሳቅ አልፈለግኩም፣ ሳቅኩ።

ወሬው ዙሪክም ደረሰ። ሲኒማ ቤቱ ውስጥ ውይይት የምታዘጋጅ ሴት ቢሮዋ ጠርታኝ፣ መጥተሽ መድረክ ላይ ተቀመጪና ማኅበረሰብሽ ፊልሙን እንዴት እንደተቀበለው ንገሪን አለችኝ። ማኅበረሰብ የለኝም፣ እህት ናት ያለችኝ አልኳት። ግሩም፣ እሱን ንገሪን አለች። የመጋዘን ጫማዬን እንዳደረግኩ ነበርኩ፤ ቢሮዋን ረግጬ ወጣሁ። ከዚያ ወዲህ ለውይይት አልቀመጥም። መብራት ሳይበራ እንወጣለን።

እህቴ ዝም ባለች በሁለተኛው ወር ደወለች። ሰላምታ የለም።

«እሁድ የማኅበሬ ተራ ነው፣ ጽዋው እኔ ቤት ነው። ነይና አግዢኝ።»

«እንመጣለን» አልኩ።

«አንቺ ነይ አልኩሽ።»

እሷ አጠገቤ ቆማ ልብስ እያጠፈች ነው። ድምፁ ይሰማታል። ማጠፏን አላቋረጠችም።

«ያለ እሷ አልመጣም» አልኩ።

እህቴ ግን፣ ሴቶቹ እህትሽ የት ቀረች ብለው ይጠይቁኛል፣ አሟታል እላቸዋለሁ አለችኝ።

«አሟታል እንዳትያቸው» አልኳት። «ደህና ናት፣ አልመጣም ብላ ነው በያቸው።»

ምን እንዳለቻቸው አላውቅም። እማማንም አልጠየቅኩም። እሁዱን መጋዘን ተረኛ ሆኜ ዋልኩ።