ወንድሜን ይቀዳልኛል ያልኩት ሪሲቨር

ዘመኑ 2006 ዓ.ም. ነው። እኔ ያኔ የስልሳ ስምንት ዓመት ሰው ነበርኩ። በዚያ ዕድሜ አስተዋይ ሰው መቃብሩን ያስባል። እኔ ሪሲቨር ገዛሁ። ያውም ተራ ሪሲቨር እንዳይመስላችሁ፤ ኤችዲ የሚባል፣ የቴሌቪዥኑን ነገር ቀድቶ የሚያስቀምጥ። ዛሬም እዚህ ሱዳን፣ የገዳሪፍ ሰው መንገድ ላይ ሲያገኘኝ የወንድሜን ጤና ይጠይቀኝና ይስቃል። ለምን እንደሚስቅ ልንገራችሁ።

ሥራዬ ጆንያ መስፋት ነው። ፊደልም የማውቀው ጆንያ ላይ የባለቤቱን ስም ለመጻፍ ያህል ነው። አገሬ መተማ ወረዳ፣ ኮኪት አጠገብ ነው። እዚያ ታላቅ ወንድሜ ኢብራሂም አለ። እሱ ሰሊጥ የሚዘራበትን መሬት ጫካውን መንጥረን ያቀናነው ሁለታችን ነን። መዳፌ ላይ የመጥረቢያው ጠባሳ አሁንም አለ።

ኋላ በመሬቱ ነገር መጣና ሽማግሌ ፊት ስንቀመጥ ወንድሜ «ብቻዬን ነው ያቀናሁት» አለ። ዓይኔን እያየ። እኔም ተነሣሁና «አብረን ነው ያቀናነው ብለህ በሰው ፊት፣ በገዛ አፍህ እስክትናገር ድረስ ይህን መሬት ብረግጥ!» ብዬ ማልኩ። ድንበሩን ተሻግሬ ገዳሪፍ ገባሁ። ሠላሳ ዓመት አለፈ። ከገዳሪፍ በጠዋት የተነሣ ሰው ድንበሩ ላይ ያለችው ገላባት ለቀትር ይደርሳል። እኔ አልሄድኩም። መሐላ መሐላ ነው።

ታዲያ በዚያ ዓመት የወንድሜ ልጅ ስልክ ደወለ።

«አጎቴ፣ አባቴን የቴሌቪዥን ሰዎች መጥተው ቀረጹት። ጎበዝ ገበሬ ተብሎ የፊታችን እሑድ ማታ አንድ ሰዓት ላይ ይታያል።»

«ስለ መሬቱ ተናገረ?»

«ብዙ ነገር ተናግሯል። ራስዎ ይዩት» አለና ዘጋው።

አሁን ያዝኩህ አልኩ። «ብቻዬን» ካለ ውሸቱን ቀድቼ አስቀምጣለሁ። «አብረን» ካለም ቀድቼ አስቀምጣለሁ፤ ነገ አላልኩም እንዳይለኝ። ሽማግሌዎቹ ሁሉ ሞተዋል። የማይሞት ምስክር አስፈለገኝ።

ሚስቴ ዘሃራ ይህን ስትሰማ «አንተ ሰው፣ በዚህ ገንዘብ መተማ አሥር ጊዜ ደርሰህ ትመለስ ነበር። ፊቱን በሳጥን ልታየው ነው?» አለችኝ።

«ፊቱን ማን ፈለገው? አፉን ነው የምፈልገው» አልኳት።

ሻጩ ጢሙን ያበጠረ ጎረምሳ ነው። «ያ ሐጅ፣ ይህ ኤችዲ ነው። የሰው ግንባር ላይ ያለውን ላብ ጠብታ በጠብታ ትቆጥራለህ። ደግሞ አንዱን እያየህ ሌላውን ይቀዳልሃል» አለኝ። መካ ሄጄ ሐጅ አድርጌ አላውቅም፤ ግን በዐረብኛ «ያ ሐጅ» ብሎ ሲጠራኝ ደስ አለኝ። የሁለት ጆንያ ሰሊጥ ዋጋ ቆጥሬ ሰጠሁት።

ቤት ወስጄ ከቴሌቪዥኔ ጋር አገጣጠምኩት። ቴሌቪዥኔ ያቺ የድሮዋ፣ ከኋላዋ የጎበጠችው ናት። ዓይኔን አሽቼ ባየው ባየው፣ ከበፊቱ የተለየው የሪሲቨሩ መብራት ሰማያዊ መሆኑ ብቻ ነው። ጉድለቱ ከዓይኔ ነው ብዬ ዝም አልኩ። ሳምንቱን ሙሉ ግን ገበያ ውስጥ ስለዚህ ዕቃ ያልነገርኩት ሰው የለም።

እሑድ ደረሰ። ቴሌቪዥኑን እንደ አገሩ ወግ ወደ ግቢ አወጣሁ፣ የምንቀመጥባቸውን አልጋዎች ደረደርኩ። አንድ ሰዓት ሊሆን ትንሽ ሲቀረው በሩ ተንኳኳ። ባቢክር ነው፤ አራት ሰው አስከትሎ።

ባቢክር ሱዳናዊ ጎረቤቴ ነው። ባለ ሎሪ ነው። እኔ በአንድ ልብስ ገዳሪፍ ስገባ ቤቱን ከፍቶ አንድ ክረምት ሙሉ ያለ ኪራይ ያኖረኝ እሱ ነው።

«ያ ሰይድ፣ መብራት ሄዶ ሲመለስ ቴሌቪዥኔን አቃጠለብኝ። የኦምዱርማን ሁለቱ የኳስ ቡድኖች ደግሞ አሁን ሊገጥሙ ነው» አለ።

እዚህ አገር በር ላይ የቆመ እንግዳ «ቆይ» አይባልም። ባቢክርማ ጭራሽ። «ግቡ! ቤቱ ቤታችሁ ነው» አልኩ።

ዘሃራ ጠጋ ብላ በአማርኛ «ዛሬ እንኳ የራስህን እይ። ወንድሜ ነው በላቸው፤ ይገባቸዋል፣ ይታገሡሃል» አለችኝ።

«አንዱን እያየህ ሌላውን ይቀዳል ተብሏል እኮ!»

«ማን አለ?»

«ሻጩ ነዋ!»

«እሱማ ሐጅም ብሎሃል» ብላ ልብሷን ተከናንባ ወጣች። ተቆጥታ ነው ብዬ ተውኳት።

የኢትዮጵያን ጣቢያ ከፈትኩና የመቅጃዋን ቁልፍ ተጫንኩ። ቀይ መብራት በራች። ከዚያ ኳሱን ላመጣላቸው ጣቢያ ስቀይር አንድ የፈረንጅ ጽሑፍ መጣ። አንብቤ እንዳልረዳው ፈረንጅ አይደለሁም፤ ሰው ልጥራ እንዳልል የዕቃው ባለቤት እኔ ነኝ። «እሺ» የምትለዋን ተጫንኩ። ጽሑፉ ጠፋ፣ ኳሱ መጣ፣ ቀይዋም መብራት እንደበራች ናት። ባቢክርን «ይኸው፣ እናንተ ኳስ ታያላችሁ፣ እሱ ደግሞ ወንድሜን ይቀዳል» አልኩት። «ወላሂ ጉድ ነው!» አለ። እኔም ጉድ ነው አልኩ።

ጨዋታው ዜሮ ለዜሮ አለቀ። ሰዎቹ ሊነሡ ሲሉ ከለከልኳቸው። «ተቀመጡ! አሁን ወንድሜን አሳያችኋለሁ» አልኩ። የመሬቱን ነገር፣ የሽማግሌውን፣ የመሐላውን አንድም ሳላስቀር ነገርኳቸው። ባቢክር እንኳ ሲጋራውን አጠፋ።

ሪሞቱን ተጫንኩ። ሰፊ አረንጓዴ መስክ ታየ።

«ማሻ አላህ! ሰሊጡን እዩልኝ!» አለ አንዱ።

ወዲያው ሃያ ሁለት ሰው ሮጦ ገባበት።

ባቢክር አንገቱን አስግጎ ወደ ቴሌቪዥኑ አየና «ያ ሰይድ፣ ወንድምህ የትኛው ነው? በረኛው?» አለ። አንዱ ከአልጋ ወደቀ በሳቅ። እኔ አልሳቅኩም። ወደ ፊት አሳለፍኩት፣ ወደ ኋላ መለስኩት፤ ያው ኳስ ነው። የሁለት ጆንያ ሰሊጥ ከፍዬ ዜሮ ለዜሮ አስቀዳሁ።

ኋላ አንድ ባለሙያ እንደነገረኝ፣ አንዱን እያየ ሌላውን እንዲቀዳ ከዲሹ ሁለት ገመድ ሊመጣለት ይገባል። በአንድ ገመድ የሚቀዳው የምታየውን ብቻ ነው። ያ ጽሑፍም «የበፊቱን ትቼ ይህን ልቅዳ ወይ?» ብሎ ሲጠይቀኝ ነበር። ጨዋ ዕቃ ነው፤ አስፈቅዶ ነው የጎዳኝ።

እንግዶቹ ሲወጡ ዘሃራ ገባች። ለተብርሃን የምትባለው፣ መናኸሪያ ሻይ የምትሸጠው የትግራይ ሴት አብራት አለች። ዘሃራ ወጥታ የሄደችው እሷ ቤት ኖሯል። የለተብርሃን ቴሌቪዥን ከጉልበቴ የማይበልጥ፣ ግማሹ የሚንጫጫ ነው።

«አየነው» አለች ዘሃራ።

«ማንን?»

«ኢብራሂምን። ጸጉሩ ነጭ ሆኗል። አንተኑ ነው የሚመስለው፤ አፍንጫው ብቻ ይሻላል።»

«አፍንጫውን ተይው! ምን አለ?»

«ጋዜጠኛዋ ‹ይህን ሁሉ መሬት ብቻህን ነው ያቀናኸው?› አለችው። እሱም ‹ከታናሽ ወንድሜ ከሰይድ ጋር ነው። መጥረቢያ መዳፉን ሰንጥቆት እንኳ ሥራ አላቆመም ነበር› አለ።»

መዳፌን ጨበጥኩት። ሠላሳ ዓመት የጠበቅኩት ቃል፣ በሰው ፊት፣ በገዛ አፉ። እኔ ግን በረኛ ሳይ ነበር።

«ማስረጃው የታለ?» አልኩ። አመሌ ነው።

«እኔ አለሁ ምስክር፣ አባ ሰይድ። በሁለት ጆሮዬ ነው የሰማሁት» አለች ለተብርሃን።

«ሌላስ?»

ሁለቱ ተያዩ። «ሌላም ብሏል» አለች ዘሃራ። «ልጅቱ ‹ታዲያ ለምን ይምጣ አትለውም?› አለችው። እሱም ‹ልፋት ነው። አውቀዋለሁ፣ እልኸኛ ነው። ቢሞትም አይመጣም› አላት።»

«ይህን በቴሌቪዥን ተናገረ?»

«ለአገር ሁሉ።»

በማግስቱ ጠዋት ዘሃራ ዕቃውን ለሻጩ የምመልሰው መስሏት በካርቶኑ አድርጋ ጠበቀችኝ። እኔ ግን ጆንያ ውስጥ ከተትኩት፣ አፉን ሰፋሁትና ባቢክር ደጅ አስቀመጥኩለት። ኳስ ወዳድ ነው፤ ቴሌቪዥኑን ሲያሠራ ዜሮ ለዜሮውን እስኪጠግብ ይየው።

መናኸሪያ ስሄድ ሻጩ ሱቁን ሲከፍት አገኘሁት። «ያ ሐጅ! ጥራቱን አየኸው?» አለኝ። «አየሁት። ሣሩን አንድ በአንድ ቆጠርኩት» ብዬው አለፍኩ።

የገላባት መኪና ላይ ወጣሁና ከፊት ተቀመጥኩ። ሾፌሩ የአገሬ ልጅ ነው። «አባቴ፣ ለንግድ ነው?» አለኝ።

«አይደለም» አልኩት። «ኮኪት አንድ ሰው አለ። አይመጣም ብሎ በእኔ ላይ ለአገር ሁሉ ዋሽቷል። ዋሾ መሆኑን ላሳየው ነው።»