«ገና ነኝ፣ ዝቅ አድርገህ ንፋ»

አባቱ፣ እናቱ በሞተችበት ንጋት ጥሩምባውን ሲነፉ እያለቀሱ ነበር ወይስ አላለቀሱም? ይህን አንተነህ አያውቅም። ያን ጊዜ የዐሥረኛ ክፍል ተማሪ ነበር። በሩ ላይ ቆሞ የአባቱን ጀርባ አይቷል፤ ፊታቸውን ግን አላየም።

አባቱ ጋሽ ባዘዘው፣ ደብረ ማርቆስ ዳር ባለ አንድ ሰፈር የእድር ጥሩምባ ነፊ ናቸው። ሰው ሲሞት ሳይነጋ ይወጣሉ። በየመታጠፊያው ቆመው ይነፋሉ፤ ከዚያ የሟቹን ስም ከነአባቱ፣ የቀብሩንም ሰዓት ይለፍፋሉ። በሰፈሩ ልማድ ኀዘን የገባበት ሰው ከቤቱ አይወጣም። ጥሩምባ ነፊውም ቢሆን፣ ሞት ከቤቱ ከገባ ሌላ ሰው ይነፋለታል። ባዘዘው ግን ሚስታቸው ማሬ ስታርፍ ምትክ አልጠበቁም። ጋቢያቸውን አዘቅዝቀው ለብሰው ወጡና ራሳቸው ነፉላት።

ሰፈሩ ጉድ አለ። ጉድ ያለ ሰፈር ደግሞ አፉን ይዞ አይቀመጥም።

በዚያ ዘመን ኢንተርኔት ቤት ለከተማው ብርቅ ነበር። አንተነህ ከትምህርት መልስ አንዱ ውስጥ ይሠራ ነበር። የእናቱ ሙት ዓመት ሳይደርስ፣ አንድ ደንበኛ ኢሜይሉን ከፍቶ በሳቅ ሊፈነዳ ደረሰ።

«ና እስቲ! ና ይቺን አንብብልኝ!»

ከላይ የሰው አድራሻ በአድራሻ ላይ ተደራርቧል። አንዱ ለጓደኞቹ፣ ጓደኞቹ ለመሥሪያ ቤታቸው ሰው ሁሉ ያስተላለፉት ነው። ቀልዱ ከሥሩ አለ፦ አንድ የደብረ ማርቆስ ጥሩምባ ነፊ ሚስቱ የሞተች መስሎት፣ በደስታ ዘሎ ወጥቶ ጥሩምባውን ለቀቀው። ሚስትየው ከአልጋዋ ሆና፣ «ኧረ ገና ነኝ፣ ዝቅ አድርገህ ንፋ!» አለችው።

አንተነህ አልሳቀም። ጽሑፉን ወደ ታች እየጎተተ የመጀመሪያውን ሰው ፈለገ። ያስተላለፈው ሁሉ ስሙ አለ፤ የጀመረው የለም።

ከዚያ ወዲያ ቀልዱ ሞተ ሲሉት እየተነሣ ይመጣ ጀመር። በዓመቱ ሲመለስ ሰውየው የሉማሜ ሰው ሆኗል። ቀጥሎ የደምበጫ ሆነ፤ በቅሎም ተጨመረለት። ጥቂት ጠፍቶ፣ ሰው ከኢሜይል ወደ ፌስቡክ ሲዞር እሱም አብሮ ዞረ። ማንም የማያውቀው የአንድ ፈረንጅ ሽማግሌ ፎቶም ተለጠፈበት። ዘንድሮ ደግሞ ደብረ ማርቆስ የሚለው ስም ተመልሶለት፣ «እውነተኛ ታሪክ» የሚል ራስጌ አስሮ፣ በእድሩ ቴሌግራም ገባ። ያስገባው ባለ ሥጋ ቤቱ እንዳላማው ነው።

ባዘዘው ቀልዱን የሰሙት ያን ጊዜ ነው። አንዱ ጎረቤት ስልኩን ዘርግቶ አነበበላቸው። አልተቆጡም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ግን እንቅልፍ አጡ፤ አንተነህ በግድግዳው ማዶ ሲገላበጡ ይሰማል።

ሳምንት ሳይቆይ የእድሩ ዳኛ ምናለ ስብሰባ ጠራ። ነገሩ አጭር ነው፤ ጥሩምባው ይቅር፣ ሞት በስልክ ይነገር የሚል።

«አባ፣ ዛሬ ባይሄዱስ?» አለ አንተነህ።

«ለምን?»

«ይስቁብዎታል።»

«ታዲያ ጥርሳቸውን ልየው እንጂ!»

ጥሩምባውን በብብታቸው ይዘው ሄዱና ከፊት ወንበር ተቀመጡ። ምናለ ጉሮሮውን ጠረገ።

«ጋሽ ባዘዘው፣ ይህ እርስዎን ለማክበር ነው። ደክመዋል። ይረፉ ብለን ነው።»

«ሳርፍማ የሚነፋው ሌላ ሰው ነው። እኔ እያለሁ ምን በወጣኝ!»

ከኋላ ሳቅ ተሰማ። ባዘዘው ዞር አሉ።

«እንዳላማው፣ ተነሥ እስቲ። ያቺን ቀልድ ንገራት።»

«ኧረ ጋሼ... ተላከልኝ፣ ላክሁ እንጂ እኔ መች ፈጠርኋት?»

«ንገራት አልሁህ።»

እንዳላማው ተነሣ። ቢላ ይዞ በሬ የማይፈራው ሰውዬ እጁን የሚያደርግበት አጣ። «በደስታ ዘሎ ወጥቶ» ብሎ መሐል ላይ አቆመ።

«እኔ ልጨርስልህ» አሉ ባዘዘው። «'ገና ነኝ፣ ዝቅ አድርገህ ንፋ' አለችው። ይቺ ጥሩ ናት። ማሬ ራሷ ብትሰማት ትስቅ ነበር፤ ሳቅ አይጠፋባትም ነበር። 'በደስታ' የምትለዋን ግን አውጡልኝ። ለሰው ሚስት ሁሉ ስነፋ የኖርሁ ሰውዬ፣ የራሴን ሚስት በሌላ ሰው ትንፋሽ ላስጠራት ነበር? አላደረግሁትም። ነገም ቢሆን አላደርገውም!»

የሳቀ አልነበረም። እጅ ሲወጣ ግን ጥሩምባው ይቅር የሚለው በለጠ። ምናለ ዓይኑን መሬት ላይ ጥሎ፣ ጥሩምባው የእድሩ ንብረት መሆኑን ተናገረ።

ባዘዘው ተነሥተው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡለት።

«ዕቃው የእናንተ ነው፤ ውሰዱት። ጉሮሮዬን ግን እድሩ አልገዛልኝም።»

ሐሙስ ሌሊት፣ ጉልት ቸርችረው ልጆች ያሳደጉት ወይዘሮ ሥራነሽ ዐረፉ። መልእክቱ በስልክ ተላከ። አንተነህ መልእክቱን አይቶ ወደ አባቱ ክፍል ቢሄድ አልጋው ባዶ ነው። ተከትሎ ወጣ። የጮቄ ተራራ ብርድ ጆሮ ይቆርጣል። ባዘዘው መታጠፊያው ላይ ባዶ እጃቸውን ቆመዋል።

«እድርተኛ ሆይ! ሥራነሽ አድማሱ ዐርፈዋል! ቀብር ስድስት ሰዓት! ወንዱ ለድንኳን፣ ሴቱ ለውሃ፣ ውጣ!»

ድምፃቸው መሐል ላይ ተሰነጠቀ። አልተዉትም፤ ጠረጉትና እንደገና ጀመሩ። እንዳላማው የሥጋ ቤቱን በር ከፍቶ ስልኩን ወደ እሳቸው ዘርግቶ ነበር።

«አባ፣ እየቀረፀዎት ነው» አለ አንተነህ በሹክሹክታ።

ባዘዘው ቀጥ ብለው ወደ ስልኩ ሄዱ። እንዳላማው ደንግጦ ስልኩን ኪሱ ከተተው።

«አልልከውም ጋሼ! በማርያም አልልከውም!»

«ማን አትላክ አለህ? አውጣው! ላከው! አንድ ቀልድ ይህን ሁሉ ዓመት ካዞራችሁ፣ አንዲት ሟች ለአንድ ቀን ማዞር ያቅታችኋል? ስማቸውን ከነአባታቸው ይዘኸዋል?»

«ይዤዋለሁ።»

«እንግዲያው ምን ትጠብቃለህ?»

ወደሚቀጥለው መታጠፊያ ሄዱ። አንተነህ ከኋላቸው ሲራመድ ስልኩ ኪሱ ውስጥ ተንቀጠቀጠ፤ ጥቂት ቆይቶ ደገመ። ከየትና ከየት እንደ ተላከለት አላየም፤ አባቱ እንደገና መጮኽ ጀምረው ነበርና አጠገባቸው ቆመ።

ባዘዘው ቀብር ዋሉ። ከቀብር መልስ እጃቸውን ታጥበው፣ ድንኳኑ ውስጥ ከንፍሮው ቀምሰው ወደ ቤታቸው ገቡ። ጫማቸውን ሳያወልቁ አልጋቸው ላይ ጋደም አሉ። ወዲያው በግድግዳው ማዶ ማንኮራፋታቸው ለአንተነህ ተሰማው። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ነበር።