ከፖሙ ዛፍ ሥር ያለው አሞሌ

በእኛ ሸለቆ ጭጋግ ከወንዙ ተነሥቶ፣ የበቆሎ ማሳውን ተሻግሮ፣ ኮረብታው ሥር ሲደርስ ይተኛል። ኅዳር ላይ ፀሐይ ካልበረታች አይነሣም። የአርዲስ ኒጋርድ ቤት እዚያ ውስጥ ነው። የእኔ የሜርል ቤት ደግሞ ከአጥሯ ማዶ ነው፤ ስለዚህ የማወራችሁ በዓይኔ ያየሁትን ነው፣ ሌላ ሰው ሌላ ቢላችሁ ዋሽቷል።

አርዲስ ዕድሜዋን ሙሉ የተማሪ አውቶቡስ ነድታለች። በዚህ ሸለቆ በልጅነቱ «ተቀመጥ አንተ!» ያልተባለ ሰው የለም። ተኩሷም አይስትም። ባሏ ኦርቪል ግን ከመተኮስ ይልቅ ማየት ነበር የሚወደው። ጓሯቸው ካለው የፖም ዛፍ ሥር ትልቅ አሞሌ ጨው አስቀመጠ፤ ተልሶ ሲያልቅ ሌላ ይተካል፣ በረዶው ሲከብድ በቆሎ ይበትናል። አጋዘኖቹ ከየጫካው መጥተው ይልሳሉ፤ ባልና ሚስት በመስኮት ያዩ ነበር። እኛም ሌሎቻችን ያው ነን። ኅዳር ላይ ተኩሰን እንበላቸዋለን፣ ጥር ላይ እንዳይርባቸው እንቀልባቸዋለን። ምን ይደረግ፣ አገራችን ዊስኮንሲን እንዲህ ነው።

ኦርቪል ከሞተ በኋላ፣ ቅጠል መርገፍ ሲጀምር፣ አንዲት ጆሮዋ የተቀደደ ሴት አጋዘን መምጣት ጀመረች። ሌሎቹ በሩ ሲንሿጠጥ ይፈረጥጣሉ፤ እሷ ትቆማለች። አርዲስ ቀስ በቀስ ቀረበቻት። አንድ ቀን ማለዳ አጋዘኗ ከመዳፏ ጨው ስትልስ ከአጥሩ ማዶ ቆሜ አየሁ። ሴትዮዋ በሌሊት ልብስና በላስቲክ ቦቲ፣ አጋዘኗ አንገቷን ደፍታ፣ ጭጋጉ እስከ ጉልበታቸው ሸፍኗቸው፣ ሁለቱም መሬት የረገጡ አይመስሉም ነበር። ሕልም መሰለኝ። የሕልሙ ባለቤት እኔ ልሁን እሷ ትሁን እስኪጠፋኝ ድረስ ቆሜ ቀረሁ።

«ኦርቪል ነው የላካት» አለችኝ በኋላ።

«ኦርቪል? ደብዳቤ እንኳ በወቅቱ ልኮ የማያውቀው ሰውዬ?»

«ዝም በል፣ አንተ ሽማግሌ!» ብላ ሳቀች። ከቀብሩ ወዲህ ስትስቅ ስሰማ ያ የመጀመሪያው ነው። ከዚያ ወዲያ ማለዳ ማለዳ ፀጉሯን አበጥራ መውጣት ጀመረች። ለአጋዘን! ቢሆንም ደስ አለኝ፤ ሰው ከሐዘኑ የሚወጣበትን በር ራሱ ያውቃል።

ስለ አመንማኙ በሽታ ሳንሰማ ቀርተን አይደለም። የአጋዘኑን አንጎል እየበላ፣ ቆዳና አጥንት አድርጎ የሚገድል፣ መድኃኒት የሌለው ነገር ነው። ግን አዳኝ ሲገናኝ «ከወንዙ ማዶ ነው» ይባባል ነበር። አጋዘን መዋኘት የማይችል ይመስል!

የኅዳር አደን በሚፈቀድበት የመጀመሪያ ቀን፣ የማለዳው ተኩስ ሲያበቃ፣ ሁላችንም አዳኝ ለአዳኝ እንዲታይ የሚለበሰውን ብርቱካናማ ካፖርታችንን እንደለበስን አርዲስ ጓሮ እንሰበሰባለን። የመጀመሪያው አጋዘን ሽንጥ በቅቤና በሽንኩርት ተጠብሶ እዚያው በቁም ይበላል፤ ከአባቶቻችን የመጣ ነው። የዚያን ዓመት የኦርቪል ታናሽ ወንድም ድዌንም ከወንዙ ማዶ ካለው እርሻው ውሻውን ይዞ መጣ። ያቺ ጆሮዋ የተቀደደ አጋዘን ፖሙ ሥር ነበረች። ውሻው ጮኸባት። ጠመንጃ የያዘ ሰው ሁሉ ዙሪያዋን ቆሟል። ንቅንቅ አላለችም።

«አያችሁ?» አለች አርዲስ መጥበሻዋን እንደያዘች። «እኔ ካለሁ አትፈራም።»

ድዌን ትክ ብሎ አያት። «አርዲስ፣ ጎኗን አየሽው? አጥንቷ ይቆጠራል። ለሃጯ ይዝረበረባል።»

«አርጅታ ነዋ! አንተስ ቋሊማ ስታይ አይዝረበረብህም?»

በሳቅ ፈረስን። እሱ አልሳቀም።

«ይቺ አልለመደችሽም» አላት ቀስ ብሎ። «መፍራት ነው የረሳችው። እኛም ዘንድ የጀመረው እንዲህ ነው። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም፣ አርዲስ። ትገደልና ጭንቅላቷ ይመርመር።»

«ውጣ ከግቢዬ!»

«አርዲስ...»

«ወንድምህ ቢኖር እንዲህ ትለኝ ነበር? ውጣ!»

ወጣ። ሽንጡ መጥበሻው ላይ አርሮ ቀረ፤ እንዲህ ያለ ነገር በእኛ መሀል ሆኖ አያውቅም። እኔም ድዌን ላይ ቆሽቴ አረረ። አንዲት መጽናኛ ብትኖራት ምን አለ ዝም ቢል!

በማግሥቱ ገና ሲነጋ የብረት ጩኸት ቀሰቀሰኝ። ወደ አጥሩ ወጣሁ። አርዲስ ጭጋጉ ውስጥ ከአጋዘኗ ኋላ ቆማ መጥበሻውን በማንኪያ ትደበድባለች።

«ደንግጪ!» ትላታለች። «ሽሺ እንጂ! አንቺ ሞኝ፣ ሽሺኝ!»

አጋዘኗ ዞር ብላ አየቻትና እጇን ልትልስ ተጠጋች። አርዲስ መጥበሻውን ሣሩ ላይ አስቀመጠች፣ ጨው ያለበትን እጇን ዘርግታ አስላሰቻት፣ ከዚያ ቤት ገብታ የኦርቪልን ጠመንጃ ይዛ ወጣች።

«ሜርል፣ እዚያ እንዳለህ አውቃለሁ። ፊትህን አዙር።»

አዞርሁ። አንድ ጊዜ ነው የተኮሰችው።

ጭንቅላቷን ቆርጣ፣ አዳኞች ለምርመራ ወደሚያስቀምጡበት የመንገድ ዳር ሣጥን ራሷ ወሰደችው። መልሱ ሲመጣ አጋዘኗ በሽታው ነበረባት። እኛም ያደንናቸውን አስመርምረን፣ ሥጋውን ሳንበላ መልስ መጠበቅ ጀመርን፤ ሰው ላይ ደርሶ አያውቅም ይላሉ፣ ግን የታመመውን አትብሉ ይላሉ። ድዌን ሲመጣ አርዲስ በሩን ራሷ ከፈተችለት። በምራቅ የወጣው በሽታ አፈሩ ውስጥ ለዓመታት እንደሚኖር፣ አንዱ የላሰበትን ሌላው ሲልስ እንደሚጋባ ነገራት።

«ታዲያ የጠራናቸው እኛ ነን» አለች። «ኦርቪልና እኔ።»

ድዌን ባርኔጣውን ደፍቶ አካፋ ፍለጋ ወጣ።

አሞሌውን ቆፍረን አወጣን፤ ፖሙን ዙሪያውን በሽቦ አጠርን። ልማድ ግን መጥፎ ነው፤ አጋዘኖቹ ሽቦውን ሊልሱ ይመጡ ጀመር። ስለዚህ አርዲስ ማለዳ ማለዳ ፀጉሯን አበጥራ፣ ቦቲዋን አጥልቃ፣ መጥበሻዋን ይዛ ትወጣለች።

ባለፈው ሳምንት አብሬያት ቆምሁ። ጭጋጉ ውስጥ ጥላ ጥላ የሚመስሉ ነገሮች አጥሩ ጋ ነበሩ። መጥበሻውን መታችው። ነጭ ጅራታቸውን ቀስረው ወደ ኮረብታው ተፈተለኩ፤ ቅርንጫፍ ሲሰበር ተሰማን፣ ከዚያ ጭር አለ። ወደ ቤት ልመለስ ስል ክንዴን ያዘችኝ።

«ቆይ። የቀረ እንዳለ እንይ።»

ጭጋጉ እስኪነሣ ጠበቅን። መጀመሪያ አጥሩ ወጣ፣ ቀጥሎ ፖሙ፣ ከዚያ ሜዳው እስከ ጫካው ድረስ። ባዶ ነበር።

«ተመስገን» አለች አርዲስ እንባዋን መጥበሻውን በያዘው እጇ እየጠረገች። «ዛሬም ሁሉም ፈሩኝ።»