ይሳል፣ አታፍኚው

ባለፈው ክረምት፣ የጦሳ ተራራ ጉም እንደ ልማዱ ወርዶ ደሴን በዋጠበት አንድ ማለዳ፣ ቅዳሴ ቆሜ ነበር። እርጥብ ጋቢና ጧፍ ይሸታል። ከፊቴ የቆመች ወጣት እናት ያዘለችው ሕፃን ሳል ጀመረው። ተራ ሳል አልነበረም፤ ያ ትንፋሽ እስኪያጥር ተደርድሮ፣ መጨረሻ ላይ እንደ ጡሩምባ የሚጮኸው ትክትክ ነው። ሰዉ ዞር ዞር ሲል እናቲቱ ደነገጠች። ልጁን ወደ ፊት አዙራ በነጠላዋ ጫፍ አፉን ሸፈነችው። እኔም ያለሁበትን ረስቼ፣ "አታፍኚው ልጄ፣ ይሳል!" አልኳት፤ ያውም ጮክ ብዬ። አንዳንዱ በግልምጫ አነሳኝ። በዚህ ዕድሜዬ መገላመጥ ብዙም አይሰማኝም፤ ደግሞም ቃሉ የኔ አይደለም። የአባባ እንድሪስ ነው።

አባባ እንድሪስ ከኮምቦልቻ ቆላ ሎሚና ሸንኮራ በአህያ ጭነው፣ ሰኞ ሰኞ ደሴ ሰኞ ገበያ የሚያወጡ ሰው ነበሩ። ረጅም ናቸው፤ ቀጭን፣ ሽርጣቸውን ከፍ አድርገው የሚታጠቁ፣ እጃቸው ታጥቦም ሎሚ ሎሚ የሚሸት። ቡላ የሚባለው አህያቸው አንገቱ ላይ የቲማቲም ቆርቆሮ ተንጠልጥሎለታል፤ ጣልያኖች በልተው የጣሉትን አንስተው፣ ጠጠር ከተውበት፣ ደወል አድርገውለት ነው። "ጣልያን የጠቀመኝ በዚህች ብቻ ነው" ይሉ ነበር። እኛ ግን እሳቸውንም ሆነ ቡላን ያወቅናቸው ፊታቸውን ከማየታችን በፊት በድምፅ ነው።

ጣልያን ደሴን ከያዘ ወዲህ ነው። አባቴ ወደ ሰሜን ዘምቶ ቀርቷል። ወንድሜ የተወለደው መርዶው ከመጣ በኋላ በመሆኑ እናቴ ካሳ አለችው፤ ከአባቴ የቀረልን እሱ ብቻ ነበር። ገና ቆሞ መሄድ ሲጀምር ትክትክ ያዘው። ሲስል ፊቱ ይጠቁራል፣ ዓይኑ ይገለበጣል፤ ትንፋሹ ሄዶ እስኪመለስ እናቴም አብራው ትሞታለች። የሰፈሩ ሰው ልጆቹን ከደጃችን ሰበሰበ፤ አልፈርድባቸውም። ተላላፊ በሽታ የያዘውን ልጅ ጣልያን ከእናቱ ነጥቆ ይወስዳል የሚል ወሬም ነበር። እውነት ይሁን ውሸት እስከ ዛሬ አላውቅም፤ ለእናቴ ግን ወሬው በቂዋ ነው። ልጁ ሊስል ሲል ነጠላዋን አፉ ላይ ታደርግና፣ "እባክህ የኔ ጌታ፣ ዝም በል" እያለች ትለምነዋለች። እሱ ሲታፈን የምሰማው ድምፅ ከሳሉ ይብስብኝ ነበር።

ሽማግሌዎቹ "ቆላ አውርጂው፤ ሞቃት አየር ያሽረዋል" አሏት። አክስቴ ኮምቦልቻ ስለነበረች፣ አንድ ሰኞ ማለዳ ካሳን አዝላ፣ እኔን በእጄ ይዛ ተነሳች። የጣልያን ዘበኞችን ኬላ ስናልፍ ጀርባዋን እየወዘወዘች፣ "ሳል ይዞ ስርቆት!" ስትል ሰማኋት፤ በራሷ ላይ መሳቋ ነው። ሳይስል አለፍን።

ሐረጎ ቁልቁለት ላይ ስንደርስ ጣልያን የሠራውን አዲሱን መንገድ ካሚዮን ሞልቶታል። ወታደሮች እግረኛውን በዱላ እያመላከቱ ከመንገድ ያስወጣሉ። እናቴ፣ ልጁ እፊታቸው እንዳይስልባት ፈርታ፣ ከሰው ተነጥላ የድሮውን የበቅሎ መንገድ ያዘች። ጥቂት እንደወረድን ጉም መጣ። ሐረጎ ላይ ጉም ከላይ አይወርድም፤ ከሸለቆው ነው የሚወጣው፤ መጀመሪያ እግርን ነው የሚወስደው። ጫማ የለኝም፤ የረገጥኩት ሣር ይቀዘቅዘኛል እንጂ አይታየኝም። የእናቴ ቀሚስ በእጄ ላይ እያለ እናቴ ጠፋችኝ።

ቆመች። "መንገዱ በየት ነው?" አለችኝ። ስምንት ዓመት ያልሞላኝን ልጅ መንገድ ስትጠይቀኝ ጊዜ፣ ነገሩ እንዳበቃለት ገባኝና ማልቀስ ጀመርኩ። እሷ "እመብርሃን፣ እመብርሃን" ከማለት በቀር ሌላ ጸሎት አልመጣላትም።

ያኔ ነው ቆርቆሮ የተንኳኳው። ኳ ኳ እያለ ቀረበና፣ ከጉሙ ውስጥ የአህያ አፍንጫ ብቅ ብሎ እጄን አሸተተኝ። ከኋላው፣ ከሩቅ፣ የሰው ድምፅ ተሰማ።

"ቡላ! ኧረ አንት ቡላ! ያ ረቢ፣ ይኼ አህያ የት ገባ!"

የወንድ ድምፅ ሲሆን እናቴ ሽፍታም ወታደርም መሰላት። ካሳን ከጀርባዋ አውርዳ ደረቷ ላይ ለጠፈችው፤ እኔንም በክርኗ ዝም በይ አለችኝ። ልጁ ግን ሳሉ መጥቶበታል። በነጠላው ውስጥ እየታፈነ ሲንፈራገጥ ሰውየው ሰሙት።

"ማነው? ልጅ የያዘ ነው? አብሽሩ፣ እኔም መንገደኛ ነኝ!"

እናቴ ግን ነጠላውን ይበልጥ ጫነችው።

"ኧረ አታፍኚው! ይሳል! ድምፁን ይዤ ልምጣ። እግራችሁን ግን እንዳታነሱ፤ ክረምቱ መንገዱን በልቶታል!"

 እናቴ ነጠላውን ከልጁ ፊት ገፈፈችው። ያን ሁሉ ሳምንት ዝም በል ስትለው የነበረውን ልጅ ወደ ጉሙ አዙራ፣ እንባዋ እየወረደ፣ "ሳል፣ የኔ ጌታ! እኔ ልሙትልህ፣ ሳል!" አለችው። እሱም ሳለ። ሸለቆው መለሰው። እንደዚያ ሲስል ሰምቼው አላውቅም፤ እንደዚያ ቀንም ሳሉን ወድጄው አላውቅም።

ልጅ መቼም ልጅ ነው፤ ሳል ሲሉት ጊዜ ደግሞ ዝም አለ። "ምነው ዝም አለ? አንት ልጅ፣ አትኩራብን እንጂ!" ይላሉ ሰውየው። እናቴ በለቅሶዋ መሃል ሳቀች። ልጁም እንደገና ጀመረው። እንዲህ እየተባለ፣ ሎሚ የሚሸት እጅ ከጉሙ ወጥቶ የእናቴን ክንድ ያዘ።

አባባ እንድሪስ መጀመሪያ ያደረጉት ድንጋይ አንስተው ከፊታችን መወርወር ነው። ሲያርፍ ለመስማት ትንፋሻችንን ይዘን ቆየን። ድምፁ የመጣው ዘግይቶ፣ ከሩቅ ታች ነው። እናቴ ካሳን እንዳቀፈች እዚያው ሣሩ ላይ ተቀመጠች።

አዲሱ መንገድ ላይ እስክንወጣ የቡላን ገመድ አስይዘውን ሄድን። እናቴ "አባቴ፣ እርስዎን እመብርሃን ናት የላከችዎ" ስትላቸው፣ ራሳቸውን ነቀነቁ።

"ወላሂ፣ የተላከስ አህያው ነው፤ እኔ እሱን ተከትዬ ነው የመጣሁ። ካሚዮኑን ደንግጦ ሎሚዬን በትኖ ሲፈረጥጥ ስረግመው ነበር፣ አስተግፊሩላህ! እሱንስ ያቆመልኝ ማነው? እናንተ ናችሁ። እናንተን ያገኘልኝ ደግሞ ይኼ ደወል ነው" ብለው የካሳን ጉንጭ በጣታቸው ነኩ። "አላህ ሰበብ አያጣም።"

የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም ይባላል። አህያው ራሱ ከገደል ሊያስጥል እንደሚችል የተናገረ ግን የለም።

የዚያን ቀን ገበያቸውን ትተው እስከ አክስቴ ደጅ አደረሱን። ካሳ ኮምቦልቻ ላይ ብዙ ጊዜ ሳለ፤ ማንም ግን አላፈነውም። ቀስ በቀስ ሳሉ እየላላ ሄደ፤ ጉንጩም ሥጋ አወጣ። ደሴ ከተመለስን በኋላ አባባ እንድሪስ ሰኞ ሰኞ ከገበያ ሲመለሱ ቤታችን ጎራ ይሉ ጀመር። እናቴ ሥጋ ነክቶት የማያውቅ ድስት ለይታ ሽሮ ትሠራላቸዋለች። ገና ደጅ ሆነው "ደወሌ እንዴት ነው?" ይላሉ፤ ቀጥለውም ወደኔ ዞረው፣ "በዚህ ሳምንት ምን ሰበብ አየሽ?" ይሉኛል። ባዶ አፌን እንዳልቀርብ ሳምንቱን ሙሉ ስፈልግ እከርማለሁ። ዝናቡ ዘግይቶ ልብሳችን መድረቁን፣ የጠፋችው ዶሮ ጫጩት ይዛ መመለሷን እነግራቸዋለሁ። አንድ ጊዜ የምነግራቸው ባጣ፣ ወጡ ተደፋ አልኳቸው። አሰብ አደረጉና፣ "ይህ እንኳ ወጥ መደፋት ብቻ ሳይሆን አይቀርም" አሉኝ። እንዲያ በማለታቸው ሌላውን ሁሉ ይበልጥ አመንኳቸው።

አንድ ሰኞ የቡላን ቆርቆሮ ሰምተን ስንወጣ፣ ገመዱን የያዘው ረጅም ጎልማሳ ነው። "ደወሌ የሚሉት ልጅ የዚህ ቤት ነው?" አለ። ልጃቸው ነው። አባቱ አኼራ መሄዳቸውን ነገረንና፣ ለካሳ አንድ አቁማዳ ሎሚ አወረደ። እናቴ ለአባቴ ያላለቀሰችውን ሁሉ ያን ቀን አለቀሰች።

ልጃቸው ያወራልን እኛ የማናውቀውን ነው። አባባ እንድሪስ ከዚያ ቀን ወዲህ ጉም በሆነ ቁጥር፣ የፈረሰው መንገድ አናት ላይ ሲደርሱ አህያቸውን ያቆሙና፣ ወደ ሸለቆው "ሰው ካለ ይሳል!" ብለው ይጣራሉ። ሸለቆው ዝም ሲል ጊዜ አልሐምዱሊላህ ብለው ያልፋሉ። "አሁን እኔ ነኝ የምጣራው" አለ ልጃቸው።

እኔና ካሳም ቤታችን ውስጥ ያዝነው። ጉም በወረደ ቀን አንዳችን "ሰው ካለ ይሳል!" ስንል ሌላችን እንስላለን፤ ጨዋታ ነው፣ ጸሎትም ነው። ስናገባም፣ ልጅ ስናሳድግም፣ እናታችንን ስንቀብርም አልተውነውም።

ያን ዕለት በቅዳሴው መሃል ወጣቷ እናት ተመለከተችኝና ነጠላዋን ከልጇ አፍ አነሳች። ልጁም ልቡ እስኪደርስ ሳለ፤ ትንፋሹ ሄዶ ተመለሰለት። ያን ጊዜ ከወንዶቹ ወገን፣ ሴቱን ከወንዱ ከሚለየው መጋረጃ ማዶ፣ አንድ ሽማግሌ ጉሮሮውን ጠረገና ጮክ ብሎ ሳለ።

ወንድሜ ካሳ ነው። ድምፄን ሰምቶ ነው።