አባቴ የተቀመጠበት ጋሪ

ይቺን ነገር ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ለንስሐ አባቴ እንኳ ጾም መሻሬን፣ ምላሴን፣ ሌላ ሌላውን ስዘረዝር እሷን ዘልያታለሁ። ለእናንተ የምነግራችሁ ስለማታውቁኝ ነው።

አስራ ሁለተኛን እንደጨረስኩ አዳማ ውስጥ ፎቶ ላይ ሳጥን የመሳል ሥራ ጀመርኩ። የመንገድ ፎቶ ይመጣል፤ ባጃጇ ዙሪያ ሳጥን ስለን «ባጃጅ» እንላለን፤ አህያውንም ሰውዬውንም እንደዚያው። ኮምፒውተሩ ከእኛ ሳጥን እየተማረ በራሱ ለይቶ ማየት ይለምዳል። ይሄ የሚማረው ፕሮግራም፣ ሞዴል የምንለው፣ ኦፕን ሶርስ ነው፤ ማንም በነጻ ይወስደዋል፣ ማንም ስህተቱን ጠቁሞ ያሻሽለዋል። እኛ የምንሠራው የእኛን አገር መንገድ እንዲያውቅ ለታሰበው አዲስ ቨርዥን ነበር።

አንድ ቀን ከባቱ የተነሱ ፎቶዎች መጡ። ባቱ የተወለድኩበት ነው። አጠገቤ የምትቀመጠው ሕይወት አንዱን ከፍታ ሳቀች።

«ኧረ ይሄን ሰውዬ እዩልኝ! ከሱና ከፈረሱ የቱ ነው የደከመው?»

ቢሮው በሙሉ ሳቀ። ዞሬ አየሁ። ጋሪው ላይ ጭድ ተከምሯል፤ ጭዱ ጫፍ ላይ የተቀመጠው ሰውዬ አባቴ ነው።

እኔም ሳቅኩ።

ምን ላድርግ? አባቴ ሹፌር ነው ብያቸው ነበር። የምን ሹፌር እንደሆነ ማንም አልጠየቀኝም፤ እኔም አልተናገርኩም።

አስተባባሪያችን ዮናስ መጣ። «ዝርዝራችን ውስጥ ጋሪ የሚባል ነገር እስካሁን አላስገባንም። እንጨምረው እንዴ? አንቺ የባቱ ልጅ ነሽ፣ አስፋልት ላይ ይወጣሉ?»

«ጋሪ ድሮ ቀረ» አልኩት። «አሁን ሁሉም ባጃጅ ነው።»

እኔ ነኝ ያልኩት። በዚያ ጋሪ ያደግኩት፣ በዚያ ጋሪ ዩኒፎርም የተገዛልኝ እኔ። ዮናስ አመነኝ፤ ጋሪ ያለባቸው ፎቶዎች አያስፈልጉም ተባለ። የአባቴን በገዛ እጄ ሰረዝኩት። ማን አስገደደኝ? ማንም። አፍሬ ነው፣ በቃ።

ቨርዥኑ ወጣ፤ አጨበጨብን። ብዙም ሳይቆይ በባቱ መንገድ የሚመላለሱ አንዳንድ የጭነት መኪናዎች ሞዴሉ ያለባት ካሜራ ገጠሙ፤ ፊት ለፊት ነገር ሲመጣ ጮኻ ሹፌሩን ታስጠነቅቃለች። ከዚያ አባቴ ደወለ። ጎረቤታችን ኦቦ ቱፋም ባለጋሪ ናቸው።

«የቱፋን ጋሪ መኪና ከኋላ ገጨው። እሱን እግዜር አወጣው፤ ፈረሱ ግን ሞተ።»

«ሹፌሩ ምን አለ?»

«በካሜራዋ ተማምኜ ነው ይላል። ለአህያ ትጮኻለች፣ ለባጃጅ ትጮኻለች፣ ያኔ ግን ዝም አለችኝ ነው የሚለው። ልጄ፣ ካሜራ ጋሪ አያይም እንዴ? መቼም አንቺ ታውቂዋለሽ።»

«አጣርቼ እነግርሃለሁ» ብዬ ስልኩን ዘጋሁ። ሹፌሩስ ዐይን የለውም ወይ ትሉኝ ይሆናል። አለው። የሱ ጥፋት የሱ ነው፤ ከኔ ላይ አይቀንስልኝም።

ሁሉም በሚያየው የሞዴሉ የኢንተርኔት ገጽ ላይ «ጋሪ ተረስቷል፣ ይጨመር» ብዬ ጻፍኩ። ተረስቷል! ማን እንደረሳው አልጻፍኩም። ከዚያ አላረፍኩም። ባቱ፣ አርሲ ነገሌ እህል ገበያ፣ ሻሸመኔ መግቢያ እየዞርኩ ጋሪ አነሳሁ፤ ባዶውን፣ ጭድ የጫነውን፣ ከኋላ ሲታይ ፈረሱ ጭራሽ የማይታየውን። አባቴ ኮፍያውን አስተካክሎ ቆመልኝና «እኔን ተይኝ፣ ፈረሱን አንሺው፤ ሠራተኛው እሱ ነው» አለኝ። ሳጥኖቹን ከሕይወት ጋር ሳልን። ሌሎችም፣ የማናውቃቸው ሰዎች፣ ከየአገሩ እያረሙ አገዙን።

አዲሱ ቨርዥን ሲወጣ፣ እሱ ካሜራው ላይ የተጫነለት አንድ የጭነት መኪና ጋቢና ገብቼ ተቀመጥኩ። ከፊታችን አንድ ጋሪ የጭድ ክምር ይመስል እያዘገመ ነበር። ካሜራዋ ጮኸች። ሹፌሩ ፍጥነቱን ቀነሰ፤ ባለጋሪው ምንም ሳያውቅ እያፏጨ ዳር ያዘ። አለቀስኩ፤ ሹፌሩ «ምን ሆነሽ፣ ደነገጥሽ እንዴ?» አለኝ።

ወሬው ባቱ ደረሰ። ኦቦ ቱፋ ሰፈር ውስጥ አገኙኝና በሁለት እጃቸው እጄን ያዙ። «ገለቶሚ፣ አመሰግንሻለሁ ልጄ! የኔ አለፈ፤ የሌላውን ፈረስ አዳንሽ። እደጊ፣ ክፉ አይንካሽ» ብለው መረቁኝ። እኔም «አሜን» አልኩ። ከሁሉም የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው። መዋሸቱንስ በሐፍረት ዋሸሁ፤ ያቺን ምርቃት ግን እያወቅኩ ሰረቅኳት።

ምክንያት አልደረድርም። ነገ ባቱ ነኝ። መጀመሪያ ለአባቴ እነግረዋለሁ፤ ስቄበታለሁና። ከዚያ ኦቦ ቱፋ ደጅ እቆማለሁ። ምርቃታቸውን ልመልስላቸው ነው የምሄደው። ሁሉንም ሰምተው ደግመው ከሰጡኝ፣ ያኔ የኔ ይሆናል።