በመጨረሻው በር ላይ የቀየርኩት ቃል

ይህን ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ለእናቴ አልነገርኳትም። ለንስሐ አባቴም አልነገርኳቸውም፤ ሁለት ጊዜ ልነግራቸው ሄጄ ሁለቱንም ጊዜ ስለ ጾም መግደፍ አውርቼ ተመልሻለሁ። ምን ብዬ ልጀምር? «አባ፣ ጌም ስጫወት ዋሸሁ» ልበላቸው? ጌም ምን እንደሆነ ሳስረዳ ኃጢአቴ መንገድ ላይ ይቀር ነበር።

ስለዚህ ለእናንተ ልናገር። ዘንድሮ መጻፍ እንደምችል አውቄያለሁ። የአማርኛ መምህራችን ድርሰቴን ክፍል ፊት አንብበው «ይቺ ልጅ ቃል ታውቃለች» ካሉ ወዲህ ደስታዬን የማደርግበት አጥቻለሁ፤ ያገኘሁት ወረቀት ላይ ሁሉ እጽፋለሁ። ግን እውነቱን ልንገራችሁ? ቃል ማወቄን ያወቅኩት መምህሬ ከማወቃቸው ሁለት ዓመት በፊት ነው። ያወቅኩትም ሰው እየበደልኩ ነው።

የበደልኩት ሰው አያ ስማቸው ይባላል። የአክስቴ ልጅ ነው፤ አገሩ ዛሪማ። ከአራት ዓመት በፊት አባቱ «ትምህርቱ ይበቃሃል፣ ና እርሻህን እረስ» ሲሉት፣ እሱ ደግሞ «አቋቋም ሳልማር ሞፈር አልጨብጥም» ብሎ ተጣልተው፣ ምርቃት ሳይቀበል ጎንደር መጣ። አቋቋም የማኅሌቱ ትምህርት ነው፤ መቋሚያው፣ ጽናጽሉ፣ ከበሮው። ቀን ከመሪጌታው ዘንድ ሲማር ይውላል፣ ሲመሽ እኛ ግቢ ከኋላ ባለችው ክፍል ያድራል። ሲመጣ ሃያ ሁለት ዓመት ገደማ ይሆነው ነበር። እናቴ የዛሪማ ልጅ ናትና «ታላቃችሁ ነው፣ አያ በሉት» ብላ አዘዘችን። እኛም አልን።

ሁለት ዓመት ከርሞ፣ እኔ አሥራ አራት ሲሞላኝ፣ አባቴ አራዳ ካለው ሱቁ አሮጌ ስልክ አምጥቶ ሰጠኝ። ጥጉ ላይ ስክሪኑ ተሰንጥቋል። አንድ ጌም ጫንኩበት። ጥይት የለበትም፣ ኳስም የለበትም። አንድ ሰው ከመንደሩ ወጥቶ ከተራራ ተራራ ይሄዳል። በየተራራው በር አለ፤ በየበሩ አንድ ሽማግሌ ወይም አንዲት አሮጊት ተቀምጠው አንድ ነገር ይሉታል። በቃ፣ ይኸው ነው። የክፍሌ ልጆች «ይሄ ጌም ነው ወይስ እንቅልፍ?» ብለው ስቀውብኛል። እኔ ግን የምጫወተው ለእነዚያ ቃላት ነበር። አንድ በር ደርሼ ቃሉን ካነበብኩ በኋላ ስልኩን አጥፍቼ ግድግዳ ሳይ እቆይ ነበር።

አንድ ቅዳሜ አያ ስማቸው ከአጠገቤ ተቀመጠ። ግዕዝ እንደ ውኃ ይጠጣል፤ እንግሊዝኛ ግን አንዲት ፊደል አያውቅም።

«ሽማግሌው ምን አሉት?»

«‹እግርህ ከደከመ ተቀመጥ፤ መንገዱ ትቶህ አይሄድም› አሉት።»

ወደ ስልኩ ጠጋ አለ። ከዚያ «እስቲ ድገሚልኝ» አለኝ። ደገምኩለት። ሦስት ጊዜ በከንፈሩ አላመጠው። በማግስቱ ከቅዳሴ ሲመለስ፣ ገና በሩን ሳያልፍ፣ አንዲት ቃል ሳያጎድል መለሰልኝ።

የአብነት ትምህርት እንዲህ ነው። መምህሩ ቃሉን ይሰጣሉ፣ ተማሪው ይቀበላል፣ በነጋታው ሳይጨምርና ሳይቀንስ ይመልሳል። «ከማን ተቀበልከው?» ያለው ሲመጣ የመምህሩን ስም ይጠራል። በቃል የተቀበለውን ነገር «እውነት እንዲህ ይላል ወይ?» ብሎ የሚጠረጥር የለም። አያ ስማቸውም እኔን የተቀበለኝ እንደዚያ ነው። እኔን! በእንግሊዝኛ ፈተና ከሃምሳ ሠላሳ አንድ ያገኘሁትን!

ከጓደኞቹ አንዱ በዓል ማግስት እግሬን አመመኝ ብሎ ሲያማርር ያንን ቃል ነገረው። ልጁ «ከየትኛው መጽሐፍ ነው?» አለው። «ከፍሬ የተቀበልኩት ነው» አለ አያ ስማቸው፤ ፍሬ እኔ ነኝ። ሳምንት ሳይሞላ ከኮላ ድባ የመጣ ሌላ ተማሪ «እማሆይ ፍሬ የሚኖሩት የትኛው ገዳም ነው?» ብሎ እንደጠየቀው ሲነግረኝ ሆዴ እስኪያመኝ ሳቅኩ።

ሳቄን ስጨርስ ግን ፈራሁ። ያለ ስህተት መተርጎም አለብኝ ማለት ነው። ከዚያ ወዲህ አንድ መስመር ይዤ ግማሽ ሰዓት እቀመጥ ጀመር። መዝገበ ቃላት ገልጬ፣ አንዱን ቃል ጥዬ ሌላውን አንስቼ፣ በአፌ እየቀመስኩ። እሱ ቁጭ ብሎ ይጠብቀኛል። አንድም ቀን «ቶሎ በይ» ብሎኝ አያውቅም። በቤታችን ውስጥ የኔን ንግግር እስከ መጨረሻው የሚሰማ ሰው እሱ የመጀመሪያው ነበር። ዛሬ አንድ ዓረፍተ ነገር ጽፌ ሳልወደው ስሰርዘው የማስበው የዚያን ሰው ጆሮ ነው። ይህን ውለታ ምን ይከፍለዋል? እኔስ ምን ከፈልኩት?

ጥር ሲገባ ከዛሪማ መልእክት መጣ። ታናሽ እህቱ እናንዬ ልትዳር ነው። አባቱም «ይምጣ፣ የሆነው ሆኗል» ብለዋል። እናቴ ደስታዋን አልቻለችውም። «ተነስ አንተ፣ ነገ ጠዋት አብረን እንሄዳለን!» አለችው። እሱ ግን ዓይኑን መሬት ተከለ። ባዶ እጄን፣ ትምህርቴን ጨርሼ ምስክር ሳልሆን፣ አባቴ ፊት ምን ብዬ እቆማለሁ አለ። ቢሄድ ደግሞ አባቱ እንዳያስቀሩት ፈራ። «እስከ ማታ ላስብበት» አላት።

በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ ነው የመጨረሻው በር ላይ የደረስነው።

በረንዳው ላይ ተቀምጠናል። ስልኩ በእኔ እጅ ነው። በሩ ሥር አንዲት አሮጊት ተቀምጠዋል። ቃላቸው ቀስ እያለ ወጣ። አነበብኩት። ደግሜ አነበብኩት። እንዲህ ይላል፦ «ከዚህ ወዲያም መንገድ አለ። ግን በር ሳይዘጉ የሚጠብቁህ አሉ። ተመለስ፤ መንገዱ ቆይቶም ያገኝሃል።»

«ምን አሉት?» አለኝ። እንደዚያን ቀን ጓጉቶ አይቼው አላውቅም። መልሱን ለራሱ ነበር የሚጠይቀው። ያኔም ገብቶኛል። ልጅ ነበርኩ፣ አልገባኝም ነበር ብዬ እንዳላመልጥ ነው ይህን የምጽፈው። በደንብ ገብቶኛል።

እኔ ምን አሰብኩ? ከሄደ አይመለስም ብዬ አሰብኩ። አባቱ ያስቀሩታል፤ ዛሪማ ማሽላ ሲጠብቅ ይኖራል፤ እኔስ ለማን እተረጉማለሁ? ያሰብኩት ይህን ብቻ ነው። እናንዬ በሐሳቤ አልመጣችም። አባቱም አልመጡም። እኔ ብቻ ነበርኩ።

«‹የጀመርከውን ሳትጨርስ ዞረህ አትይ፤ የሚወድህ ሰው ይጠብቅሃል› አሉት» አልኩ።

አልተንተባተብኩም። ግማሽ ሰዓትም አልፈጀብኝም። ከአፌ ተሰካክቶ ወጣ። ከሁሉ በላይ የሚያሳፍረኝን ልናገር? ማማሩ ነው። ቃሉ ያምር ነበር። በሕይወቴ የፈጠርኩት የመጀመሪያው ጥሩ ዓረፍተ ነገር እሱ ነው፤ እሱም ውሸት ነው።

ጌሙ ሁለት ምርጫ አወጣ፤ ተመለስ፣ ቀጥል። ለአያ ስማቸው ምን እንደተጻፈ አልነገርኩትም። እኔ፣ በራሴ አውራ ጣት፣ ቀጥል የሚለውን ነካሁ። ሰውየው በሩን አልፎ ጉም ውስጥ ገባ።

አያ ስማቸው ሦስት ጊዜ በከንፈሩ አላመጠው። ከዚያ ተነስቶ እናቴን «እቴቴ፣ ሰላም በይልኝ» አላት። ብትለምነው፣ ብትቆጣው፣ ወይ ፍንክች። ጠዋት ብቻዋን ሄደች።

ስትመለስ የሠርጉን ወሬ ያወራችልን ሁላችንም በተቀመጥንበት ነው። በአገራቸው ሙሽራ ከቤት ስትወጣ የእናት አባቷንና የታላላቆቿን ጉልበት ስማ ምርቃት ትቀበላለች። እናንዬ የእናቷን ሳመች፣ የአባቷን ሳመች። ከዚያ የሚዜዎቹን ጫጫታ ትታ ወደ ጓዳ ተመለሰችና አያ ስማቸው ልጅ ሆኖ ይተኛበት የነበረውን መደብ ጎንበስ ብላ ሳመችው። ባዶውን መደብ። እናቴ ይህን ስትናገር አለቀሰች።

አያ ስማቸው አላለቀሰም። «የጀመርከውን ሳትጨርስ ዞረህ አትይ፤ የሚወድህ ሰው ይጠብቅሃል» አለ በቀስታ። «ከፍሬ የተቀበልኩት ነው።» እናቴ ዞር ብላ አየችኝ። ኮርታብኝ ነበር! ያቺ አስተያየቷ እስከ ዛሬ አልለቀቀችኝም።

አንድ ቀን ብቻዬን ሆኜ ያንን በር እንደገና ከፈትኩና ተመለስ የሚለውን ነካሁ። ሰውየው ያለፋቸውን ሰባት ተራራዎች ወርዶ መንደሩ ገባ፤ ሰዎች ከየቤታቸው እየወጡ ቆሙ። ምንም አልተናገሩም። ጌሙ እዚያ ላይ ቃል የለውም። መተርጎም የሚያስፈልገው ነገር አልነበረም። ስልኩን አስቀምጬ ተንሰቀሰቅሁ።

ያኔም አልተናገርኩም። ሁለት ዓመት ዝም አልኩ። እሱም ሁለት ዓመት ዛሪማን አልረገጠም።

ይህን ጽሑፍ እስከዚህ ድረስ የጻፍኩት ባለፈው ሳምንት ነው። እዚህ ስደርስ ብዕሬ ቆመ። ለማያውቁኝ አንባቢዎች እየተናዘዝኩ ለእሱ ዝም ማለቴ ሌላ ውሸት መሰለኝ። ደብተሬን ይዤ ወደ ኋላ ግቢ ሄድኩ። አያ ስማቸው ነጠላውን ሳፋ ውስጥ ያጥባል። «አንድ ነገር ጽፌያለሁ፣ ላንብብልህ» አልኩት። «ሸጋ፣ አንብቢ» አለኝ ደስ ብሎት።

አነበብኩ። የሳፋው ድምፅ መሀል ላይ ቆመ። ቀና ብዬ አላየሁትም፤ እስከ መጨረሻው አነበብኩ።

«ያንን ቃል ለስንት ሰው እንዳቀበልኩት ታውቂያለሽ?» አለኝ። ያ የኮላ ድባው ልጅ አምና ለፋሲካ አገሬ ልሂድ ሲል አያ ስማቸው በዚያው ቃል አስቀርቶታል። ይህን አላውቅም ነበር። አንድ ውሸት የዋሸሁ መስሎኝ ነበር። ለካ እሱ ሲያቀብለው ኖሯል፣ በኔው ስም።

«ነገ ሄጄ አስተካክልለታለሁ» አለ። ከዚያ ነጠላውን ጨምቆ ጨምቆ፣ «እግሩ ግን የኔ ነበር ፍሬ። መቅረት ፈልጌ ነበር። አንቺ የምፈልገውን ነው የሰጠሽኝ» አለኝ።

ይህን ያለው ሊያቀልልኝ ነው። እግዜር ይስጠው። እኔ ግን አልቀበለውም። ሰው መቅረት ሲፈልግ «ተመለስ» የሚል ቃል በእጄ ነበር፤ በእጄ ይዤው ደበቅሁት። ይህ የማንም አይደለም፣ የኔ ነው።

እጁን ጠርጎ በቅርቡ ለወለደችው ለእህቱ ስልክ ደወለ። «እናንዬ? ልጅቱ ደህና ናት? ቆይ፣ ፍሬ ታናግርሽ» ብሎ ስልኩን ጆሮዬ ላይ ለጠፈው። ምን ላድርግ? ነገርኳት። ሁሉንም። በስልኩ ውስጥ ሕፃን ታለቅሳለች።

«አንቺ» አለችኝ መጨረሻ ላይ፣ «በቅሎዋ ተጭና፣ ሚዜዎቹ ፀሐይ ሄደች እያሉ ሲጮሁብኝ፣ እኔ ትንሽ ቆዩኝ፣ ትንሽ ቆዩኝ እያልኩ ያን መንገድ ሳይ የዋልኩትን ታውቂያለሽ?»

«አውቃለሁ።»

«ምነው? ከየት ታውቂያለሽ? አላገባሽ!»

ለማልቀስ አፌን ስከፍት እሷ ሳቀች። ቁጣዋ እንዳለ፣ በላዩ ላይ ሳቀች። «ስሚኝ፣ ልጄ ሰማንያ ቀኗ ሲሞላ ክርስትና ትነሳለች። ያን ሰውዬ ይዘሽልኝ ትመጫለሽ። ብቻሽን ብትመጪ ደጄን አትረግጪም። ሰማሽ?»

«ሰማሁ።»

«ሸጋ» ብላ ዘጋችው።

ክርስትና ሠርግን አይተካም፤ አውቀዋለሁ። የተሳመው መደብ ባዶ ነበር፣ ባዶ እንደሆነ ይቀራል። ስለዚህ ይቅርታ ስለምን ሁሉን መልሼዋለሁ ብዬ አይደለም። እናንዬ፣ ይቅር በይኝ። የኮላ ድባው ወንድሜ፣ ስምህን ባላውቅም፣ እናትህም ይቅር ይበሉኝ። አያ ስማቸው፣ አንተን ግን ይቅርታ ብቻ አልጠይቅህም፤ አመሰግንሃለሁ። ቃሌን እስከ መጨረሻው የሰማኸኝ አንተ ነህ፤ ቃል ሰው እንደሚያስቀርና ሰው እንደሚመልስ ያስተማርከኝም አንተ ነህ።

የምንሄደው ከነገ ወዲያ ነው። መሪጌታው ፈቅደውለታል። ዛሬ ቦርሳውን ሲያሰናዳ በሩ ላይ ቆሜ አየሁት። ነጠላውን ያጥፋል፣ ይፈታዋል፣ መልሶ ያጥፋል። ከዚያ ቀና ብሎ፣ ልክ እንደዚያን ቀን፣ አየኝ።

«ፍሬ፣ ለአባቴ ምን ልበለው?»

አንድ የሚያምር ነገር ምላሴ ጫፍ ላይ መጣ። እውነቴን ነው፣ ወዲያው መጣ።

ዋጥኩትና፣ «እኔ እንጃ አያ» አልኩት። ነጠላውን ከእጁ ተቀብዬ አጠፍኩለት።